የእንግዳ ውሃ

በ2068 ዓ.ም. ጥር ወር መግቢያ ላይ በቀጠማ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስድስት ሺህ ሰዎች ነበርን፤ ተማሪው፣ መምህሩ፣ ዘበኛው፣ ወጥ ቤቱ ሁሉ አንድ ላይ ተቆጥሮ። ለእያንዳንዳችን በቀን አሥራ አራት ሊትር ውሃ ይሰጠናል። አምባራችንን ቧንቧው ላይ እናስጠጋለን፣ ቧንቧው የድርሻችንን ያወርዳል፣ ከዚያ እስከ ነገ ጠዋት አያውቀንም።

እኔ ሶሊያና እባላለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳ ስምንት ነው፤ የብሎክ አሥራ አራት የሴቶች ዶርም ፕሮክተር ነኝ። ልጆቹ ፊት ለፊት እትዬ ሶሊያና ይሉኛል፣ ዞር ስል ደግሞ «ጠብታ» ይሉኛል። የማልሰማ ይመስላቸዋል።

ቀኔ የሚጀምረው ዋናው በር ላይ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ወደ ከተማ የሚወጡትን ልጆች አንድ በአንድ አስቆምና «ሽንት ቤት ገብተሻል?» እላለሁ። ያልገባች ተመልሳ ትገባለች። የግቢው ደንብ አጭር ነው፤ እዚህ የጠጣ እዚህ ይመልሳል። እዚህ ጠጥቶ ከተማ ሄዶ መሽናት ለመጀመሪያ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ያሰጣል፣ ለሁለተኛ ጊዜ ከእግር ኳስ ያሳግዳል። እግር ኳሱም ቢሆን በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ላቡ ግድግዳው ላይ ተንጠባጥቦ ወደ ቦዩ እንዲወርድ። ፍሬሾቹ መጀመሪያ ሰሞን ይህን ሲሰሙ በሳቅ ይሞታሉ። ኅዳር ላይ የሚስቅ አይኖርም።

የምንኖረው በአንድ ጉድጓድ ነው። ውሃው ከጉድጓዱ ይወጣል፣ እንታጠብበታለን፣ እንጠጣዋለን፣ በፍሳሹ ይወርዳል፣ ይጣራና ተመልሶ ጉድጓዱ ይገባል። ሁለት ቆጣሪ አለ፤ አንዱ የወጣውን፣ ሌላው የተመለሰውን ይቆጥራል። ከወጣው መቶ ሊትር ዘጠና አምስቱ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ የአካባቢውን ውሃ የሚቆጣጠረው የተፋሰሱ ጽሕፈት ቤት ሰው ልኮ ጉድጓዱን ያሽጋል። የታሸገ ጉድጓድ ተመልሶ ሲከፈት አይቼ አላውቅም። ግቢው ስሙን ያገኘው ድሮ እዚህ ረግረግ ላይ ይበቅል ከነበረው ቀጠማ ነው ይላሉ። እኔ ቀጠማን የማውቀው በአርማው ላይ ነው።

ጥቅምት ላይ የተመለሰው ዘጠና ስድስት ነበር። ኅዳር ላይ ቀነሰ፣ ታኅሣሥ ላይ ባሰበት። ጥር 4 ቀን ደብዳቤ መጣ። የሴሚስተሩ ድምር ዘጠና ሦስት መሆኑን ይገልጽና፣ እስከ ጥር 30 ቀን ስድስት ሰዓት ድረስ ዘጠና አምስት ካልሞላ ጉድጓዱ እንደሚታሸግ፣ ተማሪዎቹም ቦታ ወደተገኘበት እንደሚበተኑ ያስታውቃል። በግርጌው አንድ መስመር ተጨምሯል፤ ከብሎኮች ሁሉ ብዙ ውሃ የጎደለው ከብሎክ አሥራ አራት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርኩበት ግቢ በእኔ ብሎክ ስም ሊዘጋ ነው ማለት ነው። ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፣ እንደገና አወጣሁት፣ እንደገና ከተትኩት።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ቧንቧው ነበር። ቧንቧዎቹን የሚጠብቀው ጋሽ ያፌት ነው። ሰባ ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል፤ ስለ ቧንቧ ሲያወራ ሆስፒታል ስለተኛ ዘመድ የሚያወራ ይመስላል። የብረት ዘንግ አለው። አንዱን ጫፍ መሬት ላይ ይተክላል፣ ሌላውን ጆሮው ላይ ይደግፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ግቢውን እርምጃ በእርምጃ እንዲህ እያደረገ ዞረው።

«ውሃ ሲያመልጥ ይዘፍናል» አለኝ ሲጨርስ። «ይሄ መሬት ጭጭ ብሏል። የትም አላመለጠም፣ ሶሊ።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

ቀጥሎ ሰው ተጠረጠረ። ወጥ ቤቱ ተፈተሸ። የቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛ በቆርቆሮ ጣሳ የተከለው የሎሚ ችግኝ ተገኘ፤ ተነቅሎ ተመዘነ፣ ከነአፈሩ ሦስት ኪሎ አልሞላም። ሁላችንም «በግሌ የያዝኩት ውሃ የለም» የሚል ወረቀት ላይ ፈረምን። ማስታወቂያም ተለጠፈ፤ «ውሃችን እያለቀ ነው፣ ተጠንቀቁ።» ከሦስት ቀን በኋላ በትልልቅ ፊደል ሌላ ተለጠፈ። የተመለሰው ውሃ ከማስታወቂያው በኋላ ይባስ ብሎ ቀነሰ።

ጥር 21 ቀን ቀትር ላይ፣ ልጆቹ ክፍል ሳሉ፣ ዶርሙን ስዞር ማንያህልሻልን አልጋዋ ላይ ተኝታ አገኘኋት። ፍሬሽ ናት፤ ክፍል ዘጠኝ ውስጥ ነው የምትኖረው። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ፀጉሯ አቧራ ጠጥቷል።

«ዛሬ ውሃሽን አልወሰድሽም እንዴ?»

«ወስጃለሁ እትዬ።»

አምባሯን አየሁት። አሥራ አራት ሊትር፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል።

«እና የታለ?»

ወደ አልጋዋ ሥር ሰረቅ አድርጋ አየች። ጉልበቴ እያቃሰተ ተንበረከክሁና አልጋው ሥር አየሁ። በነጠላ የተሸፈኑ ሁለት ጀሪካኖች ተደርድረዋል፣ እስከ አፋቸው ሞልተዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የእንግዳ ነው።»

«የምን እንግዳ?»

ተነስታ ተቀመጠች። «እናቴ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ልታየኝ ትመጣለች። ከሩቅ ነው የምትመጣው፣ ሁለት ቀን መንገድ ነው። እዚህ ለእንግዳ አምባር አይሰጥም። ጉድጓዱም ይታሸጋል እየተባለ ነው። እጇን እንኳ ሳላስታጥባት ልመልሳት ነው?»

ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የተቆጣ አፍ ስለሆነ ብቻውን ይከፈታል። ነገር ግን ምንም አልወጣው አለ፤ ምክንያቱም የእኔም አልጋ ሥር ሁለት ጀሪካን አለ።

እውነቱን ልናገር። ወረቀቱ ላይ ስፈርም የዋሸሁ አልመሰለኝም። በግሌ የያዝኩት ውሃ አልነበረም። የእኔ ድርሻ የእኔ ነው፣ እሱን ጨርሼዋለሁ፤ ጀሪካኖቹ ግን የእንግዳ ናቸው፣ የእንግዳ ነገር ደግሞ ከቤት ዕቃ ጋር አይቆጠርም። እናቴም የእንግዳ ብርጭቆ ነበራት፣ እኛ ልጆቿ በፕላስቲክ እየጠጣን ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይውል ነበር። ያቺ ልማድ እኔ ጋ ጀሪካን ሆና መጣች። ማን እንግዳ እንደሚመጣብኝ እንኳ አላውቅም። ትጠይቀኝ የነበረችው እህቴ ሃሴት ከሞተች ስድስት ዓመት አለፋት። የማደርገውን ግን አደርግ ነበር፤ በየቀኑ ከፊቴ ላይ አንድ ኩባያ፣ ከእግሬ ላይ አንድ ኩባያ እቀንሳለሁ። መጀመሪያ አንድ ጀሪካን ነበረኝ። ሁለተኛውን የጀመርኩት ማስታወቂያው የተለጠፈ ዕለት ነው።

«ስንቶቻችሁ ናችሁ እንዲህ የምታደርጉት?» አልኳት።

«እኔ ብቻ ነኝ እትዬ። በማርያም፣ ለማንም እንዳይናገሩብኝ!»

እስከ ዘጠኝ ሰዓት አርባ ክፍል ፈተሽኩ። አርባውም ውስጥ አለ። በጀሪካን፣ በሳፋ፣ በአበባ ማስቀመጫ፣ በቦት ጫማ ሳይቀር። ከክፍል የተመለሱትን ልጆች ስጠይቅ ሁሉም አንድ መልስ ሰጡኝ፤ የእንግዳ ነው፣ እኔ ብቻ ነኝ፣ አይናገሩብኝ።

ወደ ፓምፕ ቤቱ ሄድኩ። ጋሽ ያፌት የመልሱን ቆጣሪ መስታወት በክንዱ እየወለወለ ነበር።

«ጋሼ፣ አንተ ጋ የእንግዳ ውሃ አለ?»

ወደ እኔ አልዞረም። መወልወሉን ግን አቆመ።

«ትንሽ» አለ።

«ትንሽ ስንት ነው?»

«በርሜል።»

ከዚያ ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተቀመጥን። መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። እሱ ቆይቶ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አቁሞ እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «አሥራ ሁለት ቀን መሬት ለመሬት ስዳክር! ለካ ከራሴ አልጋ ጎን ኖሯል!»

ማስታወቂያዎቹ የተለጠፉበትን ቀን ከቆጣሪው መዝገብ ጋር አስተያየነው። በለጠፍን ማግሥት ሁልጊዜ የሚመለሰው ይወርዳል። ውሃው ሊያልቅ ነው ስንላቸው ለእንግዳቸው ይበልጥ ያስቀምጣሉ፤ የተቀመጠ ውሃ ደግሞ አይመለስም፤ ሳይመለስ ሲቀር ሌላ ማስታወቂያ እንለጥፋለን። ጉድጓዱን ሊያስዘጋው የደረሰው ሌባ አልነበረም። ስድስት ሺህ ሰው ጨዋ ልሁን ብሎ ነው።

«በቃ ንገሪያቸውና ይድፉት» አለ ጋሽ ያፌት። «ፍሳሹ ውስጥ ከገባ ተመለሰ ማለት ነው።»

«ንጹህ ውሃ ፍሳሽ ውስጥ የደፋ ከግቢ እንደሚባረር ረሳኸው? ደግሞስ ማን ይደፋል? አንተ ትደፋለህ?»

«እኔማ አልደፋም» አለ።

«ፍተሻ አለ ብንላቸው ደግሞ የባሰ ይደብቁታል። ያ ውሃ እንግዳ ካልመጣ አይወጣም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ እንግዳ ከየት እናምጣ?»

«ጥር 30 የሚመጣው ማን ነው?»

«የተፋሰሱ ሰው!» አለ፤ «እንግዳ ያስታጠቡበት ውሃ ደግሞ ተደፋ አይባልም።» ከዚያ ፊቱ በራ።

ወደ ዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሄጄ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ከወንበራቸው ጀርባ ያለውን ቁም ሳጥን አንዴ ገላመጡና «ያድርጉት» አሉኝ፤ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም። በዚህ ጊዜ ምንም ማስታወቂያ አልለጠፍንም። በየዶርሙ ለፕሮክተሮች ነገርኩ፣ ፕሮክተሮቹ ለልጆቹ ነገሩ፤ ጥር 30 ጠዋት ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ አለብን፣ የእንግዳ ውሃ ያለው ይዞ ይውጣ። ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም። ማንም ባይወጣስ? ያ ሁሉ ሰው «እኔ ብቻ ነኝ፣ የኔ ቢቀር አይታወቅም» ብሎ አልጋው ሥር ቢተወውስ?

ጥር 30 ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የተፋሰሱ ሰው መጣ። አቶ ወንድይራድ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቀጭን ነው፣ ማኅተሙንና ሽቦውን የያዘ ትንሽ ሳጥን አንጠልጥሏል። በካፌው በኩል ነበር ወደ ፓምፕ ቤቱ የምናልፈው። ካፌው ፊት ለፊት ረጅም የእጅ መታጠቢያ ገንዳ አለ፤ አርባ ቧንቧ ነበረው፣ ቧንቧዎቹ ከተነቀሉ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የፍሳሹ ቀዳዳ ግን አሁንም አልተደፈነም። ጋሽ ያፌት ማታውን ጠርጎታል።

ሜዳው ጢም ብሏል። ጀሪካን የያዘ፣ ጆግ የያዘ፣ ሳፋ በጭንቅላቱ የተሸከመ፣ በርሜል የሚያንከባልል። እርስ በርሳቸው እየተያዩ «አንቺም?» «አንተም?» ይባባላሉ። ስድስት ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያፍር አይቼ አላውቅም ነበር። አቶ ወንድይራድ ሰልፍ የተወጣበት መስሎት ቆመ፤ ሳጥኑን ደረቱ ላይ አስጠጋ።

ማንያህልሻል በሁለት እጇ ጆግ ይዛ ወደ ፊት መጣች። «እንኳን ደህና መጡ ጋሼ። እጅዎን ይታጠቡ።»

«እኔ ለሥራ ነው የመጣሁት» አለ።

«ለሥራ የመጣም ይታጠባል» አለ ጋሽ ያፌት ከኋላ።

ሰውየው ዙሪያውን አየ። መውጫ አልነበረውም። ሳጥኑን መሬት አስቀምጦ እጁን ዘረጋ፣ ጣቶቹን ግን ጨብጦ፤ እጁን በእንፋሎት ርጭት ብቻ ማጽዳት የለመደ ሰው ነው። «ዘርጋው እንጂ፣ አይነክስህም» አልኩት። ዘረጋው። ልጅቷ አፈሰሰችለት። ውሃው በጣቶቹ መሃል ወርዶ ገንዳው ላይ ጮኸ፣ ወደ ቀዳዳው ሮጠ። ታፈስለታለች፣ እሱ እያየው ነው። በመጨረሻ እጁን ሰብሰብ አድርጎ «በቃ፣ በቃ፣ ይበቃኛል» አለ።

ያን ቃል ውሃ ላይ ሲባል ከሰማሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ፣ አቶ ወንድይራድም ምን እንደሚያስቅ ሳያውቅ ሳቀ።

አሥራ አንድ ሰው ካስታጠበው በኋላ ለቀሩት እሱን የማስታጠብ ተራ አልደረሳቸውም። ግን ውሃው ከወጣ ወጥቷል፤ ተሸክሞት የሚመለስ አልተገኘም። አንድ ልጅ ጎኑ ያለውን «የስንት ነህ?» አለው። «የብሎክ ሦስት።» «እኔ የሰባት ነኝ፣ እንግዳዬ ነህ፣ እጅህን አምጣ።» ከዚያ በኋላ መቁጠር አይቻልም ነበር። እጅ፣ ፊት፣ እግር፣ ራስ ታጠበ። ገንዳው ሲጠብባቸው የተረፉት ወደየዶርሙ መታጠቢያ ክፍል ሄዱ፤ ብሎኮች ብሎኮችን ጋበዙ። ጋሽ ያፌት ዘንጉን መሬት ላይ ተክሎ ጆሮውን ደገፈ፣ እንባው በሸበተ ጢሙ ላይ ይወርዳል። «ስሚው» ብሎ ሰጠኝ። ሰማሁት። ከእግራችን ሥር እየተንዶቀዶቀ ወደ ማጣሪያው ይሄዳል።

ወደ ፓምፕ ቤቱ ሮጥኩ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ዘጠና አራት ነበር። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ዘጠና አራት ነጥብ ስምንት። ከዚያ ቆጣሪው ያዘገም ጀመር። እጄን ስመለከት ደረቅ ነበር። ያኔ ነው ያስታወስኩት፤ ሁሉንም ይዛችሁ ውጡ ያልኩት እኔ የራሴን አላወጣሁም። ረስቼ አይደለም። የሃሴት ስለሚመስለኝ ነው።

ሁለቱን ጀሪካን አንጠልጥዬ ወደ ሜዳው ተመለስኩ። አስታጥበዋለሁ የምለው ሰው ፈልጌ አጣሁ፣ ሁሉም ታጥቧል። ማንያህልሻል አየችኝ። ከእጄ ተቀበለችኝና ወደ ጆጓ ገለበጠች።

«እርስዎ እኮ አልታጠቡም እትዬ። እጅዎን ያምጡ።»

ዘረጋሁላት። ቀዝቃዛ ነበር። ለእህቴ ያስቀመጥኩት ውሃ በገዛ እጄ ላይ ወረደ፣ አለቀስኩ፣ አላፈርኩም። ሁለት ጀሪካን ለዚያ ቆጣሪ ምንም ማለት አይደለም፤ ቁጥሩን ያነሳሁት እኔ ነኝ አልልም። ብቻ እጄ ከውሃው ሥር እያለ ጋሽ ያፌት ከፓምፕ ቤቱ በር ላይ «ሞላ! ሞላ!» እያለ ሲጮህ ሰማሁ። ሃያ ስድስት ቀን የጠበቅኩትን ቁጥር ሳላየው ቀረሁ። ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

አቶ ወንድይራድ ቆጣሪውን ሁለት ጊዜ አነበበ። ዘጠና አምስት ነጥብ ሁለት። ሊጽፍ ብዕሩን ቢያወጣ፣ በሩ ላይ አንድ ልጅ እንደገና አስታጥቦት ኖሮ እጁ እርጥብ ነው፤ በግቢው ውስጥ ደግሞ ፎጣ የሚባል ነገር የለም፣ ለምን ይኖራል? ፀሐይ ላይ እጁን ዘርግቶ እስኪደርቅ ጠበቀ። እኔም አጠገቡ ቆሜ ጠበቅኩ።

«እኔም ቤት አለኝ» አለኝ በዝግታ፣ እጁን እያየ። «አምስት ጀሪካን።»

«እንግዳ ጥራ» አልኩት።

ጻፈ፣ ፈረመ፣ ሳጥኑን ሳይከፍተው ይዞት ሄደ።

አሁን ለእንግዳ የሚሆን አምባር በሩ ላይ ተቀምጧል፤ ሦስት ሊትር ያወርዳል። እሑድ እሑድ ደግሞ ብሎኮች እየተራ ይጋበዛሉ፣ ይታጠባሉ። ባለፈው ወር የተመለሰው ዘጠና ሰባት ነው። አልጋዬ ሥር አንድ ጀሪካን አሁንም አለ፣ አልዋሽም። ግን በየሳምንቱ ይወጣል።

የማንያህልሻል እናት የካቲት 20 ቀን መጡ። ከመንገድ አቧራ የተነሳ ነጠላቸው ቀለሙ አይታወቅም ነበር። ልጅቷ ገንዳው ጋ አቆመቻቸውና ታፈስላቸው ጀመር። እንግዳ ቶሎ «በቃኝ» ይላል፣ ወጉ ነው። እሳቸው አላሉም። እጃቸውን ዘርግተው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ጆጉ እስኪያልቅ ድረስ ዝም ብለው ቆሙ። ልጅቷም ሌላ ሞላችላቸው።

አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሊሄዱ በሩ ላይ ሲደርሱ አስቆምኳቸው። ከባድ ነበር፣ ግን ሥራዬ ነው።

«ይቅርታ እናቴ፣ ሽንት ቤት ገብተዋል?»

ሳቁ። «ኧረ እህቴ፣ ይቺ ልጅ ሁለት ጊዜ አስገብታኛለች!»

በሩን ከፈትኩላቸው።